ቱሉ ዲምቱ፣ አዳማ ወይስ አምስት ኪሎ? ከፎቶ ኮፒ ቤት የተጻፈ ግምገማ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ሱቄ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አለኝ። በሌላው ጊዜ ደንበኞቼ መታወቂያ የሚያስባዙ የሰፈር ሰዎችና ሪፖርት የሚያስጠርዙ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። በዚያ ሰሞን ግን እናት፣ አባት፣ አጎት፣ ታላቅ ወንድም ሁሉ ከአንድ ልጅ ጀርባ ተደርድሮ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል። ልጁ ዝም ይላል። ዘመዱ ያወራል። ሲደክማቸው ወደ እኔ ዞረው "እትዬ፣ አንቺ እንኳን እዚሁ ነሽ፣ የቱ ይሻላል?" ይሉኛል።

እንግዲህ ይኸው። ሰው ስለ በላበት ምግብ ቤትና ስለ ገዛው ስልክ ይጽፋል። አምስት ዓመት ስለሚኖርበት ግቢ ግን የምናነበው ወይ የተቋሙን ማስታወቂያ ነው ወይ የተናደደ ተማሪ ስድብ። እኔ መምህር አይደለሁም። የማየው ከሱቅ ነው። የእህቴ ልጅ አዳማ ተምሮ ወጥቷል፣ የገዛ ልጄ ደግሞ አሁን ፍሬሽ ናት። የምጽፈው ኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ ለሚፈልጉ የተፈጥሮ ሳይንስ ልጆች ነው። ሕክምና የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቀድም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ መግባት ራሱ ቀልድ አይደለም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገብተው መፈተን ከጀመሩ ወዲህ፣ ከ2014 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ስለዚህ ከ600 ከ300 በላይ ያመጣ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ መጀመሪያ እልል በሉለት። ብዙ ቤተሰብ ይህን ይዘለዋል። ልጁ 480 አምጥቶ "ለምን 520 አልሆነም" ተብሎ ሱቄ ውስጥ ሲወቀስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ግምገማው። ከሰፈራችን ልጀምር።

አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ሰዉ "ሳይንስና ቴክኖሎጂ"፣ እኔ ደግሞ በሰፈሩ ስም ቱሉ ዲምቱ የምለው፣ ከከተማው ዳር ቂሊንጦ በኩል ነው ያለው። በ2003 ተቋቁሞ በ2004 ማስተማር ጀመረ። ወጣት ነው ማለት ነው። ዙሪያውን ብታዩት የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራ ፋብሪካ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ የቀረው ሜዳ። ነፋሱ ሌላ ነው። ከመሃል ከተማ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ቫዝሊን ፍለጋ ይመጣል። በክረምት ደግሞ መረሬው መሬት ጫማ ያወልቃል። አስፋልቱን ትተህ አቋራጭ ልሂድ ካልክ ጫማህን ለጭቃው ተሰናበት። መብራት ይጠፋል፣ ታክሲ በሥራ መውጫ ሰዓት ያንገላታል። ቦሌ ወይም ፒያሳ ያደገ ልጅ "አዲስ አበባ ነው የተመደብኩት" ብሎ መጥቶ እዚህ ሲወርድ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ያስቃል።

ትምህርቱስ? እኔ የማየው የሪፖርት ሽፋን ነው። ብዙ ይናገራል። የሶፍትዌር ልጆች ዶክመንት ወፍራም ነው፣ ዲያግራም በዲያግራም፣ በቡድን ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ሱቁ ውስጥ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። "ይቺን ገጽ አውጣት፣ መምህሩ አያነባትም" "ያነባታል፣ ባለፈው ጠይቆኛል"። የኬሚካል ልጆች የላብ ሪፖርት በየሳምንቱ አላቸው። የኤሌክትሮሜካኒካል ልጆች እጃቸው ላይ ቅባት አለ፣ ወረቀቴን ያቆሽሹብኛል፣ ግን እወዳቸዋለሁ፣ ምክንያቱም የሆነ ነገር ሠርተው እንደመጡ ያስታውቃል። የአርክቴክቸር ልጆች ደግሞ እኔ የማልችለውን ትልቅ ወረቀት ይፈልጋሉ። እኔ ጋ እስከ ኤ ሦስት ነው። ለኤ ዋን ፕሎተር ያለበት ቤት ፍለጋ ከተማ ይወጣሉ፣ የታክሲውና የህትመቱ ወጪ ሲደመር ቀላል አይደለም። ልጃችሁ አርክቴክቸር ከፈለገ የትም ይግባ የት፣ ለወረቀት፣ ለካርቶን፣ ለሙጫና ለህትመት የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ አስቡ። ይህን ማንም አይነግራችሁም።

ግቢው ጠንካራ ነው ባይ ነኝ። የተማሪው ቁጥር ከትልልቆቹ ያንሳል፣ ዓላማው ከኢንዱስትሪ ጋር የተያያዘ ነው፣ የትምህርት ክፍሎቹም በዚያ ልክ የተመረጡ ናቸው። ሲቪል፣ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሶፍትዌር፣ ኬሚካል፣ ማዕድን፣ አካባቢ ምህንድስና፣ በአፕላይድ ሳይንስ በኩል ደግሞ ባዮቴክኖሎጂ፣ የምግብ ሳይንስ፣ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ ጂኦሎጂ አለ። ሕግ የለም፣ ሕክምና የለም። ሐሳቡን ሊቀይር የሚችል ልጅ ይህን ልብ ይበል። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆኖ ከኢንጂነሪንግ ወደ ኢኮኖሚክስ መዞር ይቻል ይሆናል። እዚህ የሚዞርበት ቦታ የለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ሰዉ ሁሉ የሚጨነቀው በሩን ስለማለፍ ነው። ፈተናውን አልፎ መግባት፣ አለቀ። ኧረ አላለቀም! ፍሬሽማን የሚባል ዓመት አለ። ከ2012 ጀምሮ የገባ ልጅ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው የሚማረው። ዲፓርትመንት የሚመደበው ከዚያ በኋላ፣ በምርጫው፣ በውጤቱና በክፍሉ ቦታ ልክ ነው። ታዲያ ጎበዝ ብቻ ተመርጦ በገባበት ግቢ ውስጥ ሶፍትዌርን የሚፈልገው ማን ነው? ሁሉም! ቦታው ስንት ነው? ጥቂት!

አንድ ልጅ ነበር፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ጨዋ። ትምህርት ቤቱን በአንደኝነት ነው የጨረሰው፣ አገሩ ሲሸኝ በሬ ታርዶለታል። የዲፓርትመንት ምርጫውን ሊያትም መጣ። አንደኛ ሶፍትዌር፣ ሁለተኛ ኤሌክትሪካል፣ ከዚያ በታች ያሉትን ሳያስብ ነበር የደረደራቸው። "እነዚህን ደግሞ አስበህባቸዋል?" አልኩት። "ማዘር፣ አገሬ እኔ ብቻ ነበርኩ ሰቃይ። እዚህ ሁሉም ሰቃይ ነው፣ ምን አውቃለሁ" አለኝ። የደረሰው አምስተኛው ነው። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው፣ ደህና ነው፣ ትምህርቱንም እየወደደው መጥቷል፣ ግን አንድ ሴሚስተር ሙሉ አኩርፎ ነበር። ያው ልጅ በዚያው ውጤቱ ሌላ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ሶፍትዌርን ሳይጨነቅ ያገኝ ነበር። ይሻለው ነበር ወይ? ሶፍትዌርን ነው የምፈልገው ካለ፣ አዎ። የግቢውን ስም ነው የምፈልገው ካለ፣ አይ።

ለዚህ ነው ሰዎች ሱቄ መጥተው ስም ከስም ሲያወዳድሩ የማቋርጣቸው። "የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይበልጣል" አትበሉኝ። "ልጄ ይህን ትምህርት ይፈልጋል፣ የት ቢገባ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ እዚያስ ትምህርቱ እንዴት ነው" በሉኝ። ያኔ ዝርዝሩ ይለወጣል። አንደኛ የነበረው ሦስተኛ ይሆናል፣ ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት ሁለተኛ ይገባል።

ወደ አዳማ እንሂድ። ከእኛ ሰፈር አዳማ ሩቅ አይደለም። ፈጣን መንገዱ የሚጀምረው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው። በ2007 ከተከፈተ ወዲህ፣ መኪና ላለው ሰው ከእኛ ሰፈር መገናኛ ከመድረስ አዳማ መድረስ የሚቀልበት ጠዋት አለ። ቀልድ አይደለም፣ መንገድ የተዘጋጋበትን ሰኞ ጠዋት ያየ ያውቀዋል።

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የቱሉ ዲምቱው የቅርብ ዘመድ ነው። ዕድሜው ግን ይበልጣል። በ1980ዎቹ ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተጀመረ፣ በኋላ የቴክኒክ መምህራን ማሰልጠኛ ሆነ፣ ቀጥሎ አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2003 ደግሞ የአሁኑን ስም ያዘ። በአንድ ወቅት ፕሬዚዳንቱ ጀርመናዊ፣ ቀጥሎ ኮሪያዊ ነበሩ። የዚያን ጊዜ የተማሩ ልጆች ስለ ሰዓት አክባሪነት ሲያወሩ የሚያላግጡ ይመስላሉ፣ ግን በውስጡ ኩራት አለ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ፈተናቸውን በጋራ ሲሰጡ ቆይተዋል። ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን የምርምር፣ የአፕላይድ፣ ሁሉን አቀፍ ብሎ ሲለያቸውም እነዚህን ሁለቱን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ብሎ ለብቻ ነው ያስቀመጣቸው። ስለዚህ "ከቱሉ ዲምቱ ጋር የሚመሳሰል ሌላ አማራጭ አለ?" ላለኝ የመጀመሪያ መልሴ አዳማ ነው። ብዙ ያዲሳባ ወላጅ ግን ከከተማ መውጣት ስለሚመስለው ፊቱን ያዞራል። የእህቴ ባል "ልጄን ክፍለ ሀገር አልክም" ብሎ ነበር። መቶ ኪሎ ሜትር የማትሞላ ከተማ!

የእህቴ ልጅ ገብቶ ያገኘው ምንድን ነው? ሙቀት፣ አንደኛ። ከእኛ ብርድ ለሄደ ልጅ የአዳማ ጸሐይ አይቻልም። የመጀመሪያውን ወር ሌሊት እንቅልፍ የለም ይል ነበር። ሁለተኛ፣ ከግቢው ሲወጣ ከተማ ነው። ባጃጅ አለ፣ ምግብ ቤት አለ፣ ፍራፍሬ በርካሽ አለ። የኛ ሰፈር ልጆች ከግቢ ወጥተው የሚያገኙት እኔን፣ ሁለት ቁርስ ቤትና ነፋሱን ነው። ሦስተኛ፣ ቱሉ ዲምቱ የሌሉ ትምህርቶች አሉ። ጂኦማቲክስ አለ፣ የውሃ ሀብት ምህንድስና አለ፣ ማቴሪያልስ ሳይንስ አለ። እሱ ጂኦማቲክስ ነው የተማረው። ሲገባ ስሙን እንኳ በደንብ አያውቀውም ነበር። ካርታ፣ ልኬት፣ የሳተላይት ምስል ነው ሥራው። ዛሬ ሥራ አለው፣ እየዞረ መሬት ይለካል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ደስተኛ ነው። እህቴ አሁንም ለሰው ስትናገር "ኢንጂነር ነው" ብላ ታልፈዋለች።

የእሱ ቅሬታ ደግሞ ልምምድ ላይ ነው። የኢንጂነሪንግ ልጆች ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ወደ መሥሪያ ቤት ወጥተው ኢንተርንሺፕ ይሠራሉ። እሱ የተላከበት ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ ለወራት ሻይ ሲያመላልስና ፋይል ሲደረድር ነው ያከረመው። ይህ የአዳማ ጥፋት አይደለም፣ እዚህም ያሉ ልጆች እንዲሁ ያማርራሉ። ዩኒቨርሲቲ ስታወዳድሩ "ተማሪዎቻችሁ የት ነው ልምምድ የሚወጡት? ቦታውን የሚያገኘው ራሱ ልጁ ነው ወይስ እናንተ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቱሉ ዲምቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጎረቤቱ ነው፣ ግን ጎረቤት መሆንና በር መክፈት ለየቅል ነው።

አምስት ኪሎ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የአምስት ኪሎ ልጆች ስማቸው ሲነካ አይወዱም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 የተጀመረ የአገሩ አንጋፋ ነው፣ ቴክኖሎጂው ደግሞ አምስት ኪሎ ነው ያለው። የስሙን ያህል ክብደት ያለው የለም። አለቃው፣ የአለቃው አለቃ፣ ኮንትራክተሩ፣ አማካሪው፣ ግማሹ ከዚያ ነው የወጣው። ሥራ ፍለጋ ላይ ይህ ይጠቅማል፣ መካድ አይቻልም። ቤተ መጻሕፍቱም፣ በዙሪያው ያለው ከተማም ራሱ ትምህርት ነው።

ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ከ2016 ወዲህ ራስ ገዝ ሆኗል፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው። የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ በመንግሥት ወጪ ከሚማሩት ሌላ ራሳቸው ከፍለው የሚማሩም ይቀበላል። ስለዚህ ድሮ አባቶቻችን በሚያውቁት መንገድ አታስቡት። ፈተናው መቼ ነው፣ ማመልከቻው በየት ነው፣ ክፍያው ስንት ነው፣ ያዲሳባ ልጅ ዶርም ያገኛል ወይ፣ እነዚህን ከዩኒቨርሲቲው ራሱ በዚያው ዓመት ጠይቁ። አምና የሰማችሁት ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ቀኑ አልፎባቸው እያለቀሱ የመጡ ልጆች አይቻለሁ፣ ማስታወቂያውን በአጎት በኩል ነው የሚሰሙት።

ሁለተኛ፣ መንገዱ። ከኮዬ ፈጬ አምስት ኪሎ በየቀኑ መመላለስ ማለት ሌሊት መነሳት ማለት ነው። ሃይገር ወይ ሚኒባስ እስከ ቃሊቲ ወይ መገናኛ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ እግር። ማታም እንዲሁ። የመጀመሪያ ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ ያለበት ልጅ በቀን ያን ያህል ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ከቆመ መቼ ያጠናል? "ቤት ሆኖ እናቱ የሠራችውን እየበላ ይማር" የምትሉ ወላጆች፣ ልጁ ቤት የሚደርሰው እናቱ ከተኛች በኋላ ነው። ዶርም ካገኘ ጨዋታው ሌላ ነው። ካላገኘና ቤታችሁ እንደኛ ዳር ከሆነ፣ አዳማ ዶርም ውስጥ ያለ ልጅ ከእናንተው ልጅ የበለጠ እንቅልፍ ይተኛል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ውሃ ምህንድስና የሚወድ ልጅ አርባ ምንጭን ዝቅ አድርጎ እንዳያይ፣ ያ ቦታ የተጀመረው ራሱ በውሃ ትምህርት ነው፣ ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ያከብሩታል። ባሕር ዳር ከጥንት ፖሊ ቴክኒኩ ጀምሮ ቴክኖሎጂ አለው፣ ለጨርቃ ጨርቅ ደግሞ የሚወዳደረው የለም። ጅማ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ ይታወቃል። ርቀቱ ቀላል አይደለም፣ የመንገድ ጸጥታም አንዱ የቤተሰብ ጭንቀት ነው፣ እሱን እኔ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ግን ፍላጎቱ የታወቀ ልጅ ካላችሁ እነዚህ መውደቂያ አይደሉም፣ ራሳቸውን ችለው የሚመረጡ ናቸው።

የግል ኮሌጅስ? አለ፣ ጥሩም አለ። በኮምፒውተር ትምህርት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስም ያተረፉ አሉ። ግን የመውጫ ፈተናን አትርሱ። በ2015 ፈተናው ሲጀመር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ አካባቢ ነበሩ። ቁጥሩ ሁሉንም በአንድ ቅርጫት ስለሚከት ለጥሩዎቹ ፍርደ ገምድል ነው። ከዚያም በላይ ወደ ግል የሚገባው ልጅ ሲጀመርም ውጤቱ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ከመክፈላችሁ በፊት "ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ልጅ ተፈትኖ ስንት አለፈ?" በሉ። መልሱ ቁጥር ካልሆነ ወንበሩን ትታችሁ ተነሱ። ፈቃዱንም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፣ ለዚያ ትምህርትና ለዚያ ካምፓስ ጭምር ነው። አንድ ጎረቤቴ ልጇን ያስገባችበት ኮሌጅ ሌላ ቅርንጫፉ ፈቃድ ነበረው፣ የኛ ሰፈሩ አልነበረውም። ገንዘቧን ለማስመለስ የተመላለሰችበትን ቢሮ ደጃፍ ሊስትሮው ሳይቀር ያውቃታል።

ወደ ውጭ የሚያመለክቱም አሉ፣ ብዙ አይደሉም፣ ግን በየዓመቱ ይመጣሉ። ባለፈው አንድ ልጅ ሰነዱን ስካን ሊያስደርግ መጣ። የሚያመለክትባቸው የአሜሪካ ኮሌጆች ዝርዝር ላይ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኮሎምቢያ፣ እያለ ይወርዳል። ሁሉም ከመቶ አመልካች ጥቂቱን ብቻ የሚቀበሉ ናቸው፣ ሃርቫርድ ከአምስት በመቶ በታች። "እሺ፣ ሃርቫርድ ውስጥ ምኑን ወደድከው?" አልኩት። "ትንንሽ ክፍል፣ መምህሩ ስምህን የሚያውቅበት፣ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ያለበት፣ የገንዘብ እርዳታ የሚሰጥ" አለኝ። ይህን የሚሰጡ ሌሎች ኮሌጆች አሉ እኮ! ሚኒሶታ ውስጥ ማካሌስተር የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን የተማሩበት ነው፣ ከውጭ አገር ተማሪ በመቀበል ይታወቃል። ቀላል ነው አልልም፣ እርዳታ ለሚፈልግ የውጭ ተማሪ የትም ቀላል የለም። ግን በአንድ የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጅ መሙላት እየተቻለ ሃያውንም ጣሪያ ላይ መስቀል ምን ይባላል? ልጁ ዝርዝሩን ይዞ ወጣ፣ በሳምንቱ ግማሹን ቀይሮ መጣ።

አሁን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ሁሉ ዝቅተኛውን ነጥብ የምሰጠው ለማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለ"አማካሪዎች"። ከተማ ውስጥ ቢሮ ከፍተው "ምርጫ እናስተካክላለን፣ ማመልከቻ እንሞላለን" የሚሉ አሉ። እህቴ ለሁለተኛ ልጇ አንዱ ጋ ሄደች። ደህና ገንዘብ ከፈለች። የሰጧት በሚያምር ወረቀት የታተመ የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ነው፣ ከአንድ እስከ አሥር። ልጁ ምን መማር እንደሚፈልግ አልጠየቁትም! ሙሉ ምክሩ ላይ ልጁ የተናገረው ስሙን ነው። ወረቀቱን አየሁት፣ ሦስተኛው ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ ልጁ የሚፈልገው ትምህርት ጭራሽ የለበትም። እህቴ ግን አላምን አለችኝ፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ባለ ቀለም ነው፣ ማህተምም አለው። ማህተም ካለበት እኛ ሰው አናምንም፣ ማህተሙን ነው የምናምነው።

የልጄን ጉዳይ ልንገራችሁና ላብቃ። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው የምትፈልገው፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ። እንዴት እንደመጣባት አላውቅም፣ ሳሙና ስትሠራ ሁለት ድስት አበላሽታብኛለች። አንድ ምሽት ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብለን ሠንጠረዥ ሠራን። ስም የለበትም። በየግቢው ኬሚካል አለ ወይ፣ ከሌለስ ምን ይቀርበዋል፣ ዲፓርትመንት ሲመደብ ኬሚካልን ስንት ልጅ ይሻማል፣ ዶርም አለ ወይ፣ ከቤት ስንት ሰዓት ነው። ለመሻሚያው ጥያቄ ያሉትን ተማሪዎች ነው የጠየቅነው፣ ሱቁ ውስጥ የሚሞሉ ናቸው፣ አንድ ሪፖርት በነጻ ጠርዤላቸው የማያወሩት ነገር የለም። አብዛኛው ልጅ ሶፍትዌርና ኤሌክትሪካል ላይ ሲረባረብ ኬሚካል ያን ያህል እንደማይሻሙበት ነገሩን። ያ ለእሷ መልካም ዜና ነው። ሶፍትዌር ፈላጊ ብትሆን ኖሮ ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ይሆን ነበር፣ ቱሉ ዲምቱን ሦስተኛ አስቀምጬ አዳማንና ሌላ አንድ የምርምር ዩኒቨርሲቲ አስቀድም ነበር። ከበራችን ፊት ለፊት ቢሆንም።

የመግቢያ ፈተናውን ወሰደች፣ ቱሉ ዲምቱን አንደኛ፣ አዳማን ሁለተኛ አድርጋ። እዚሁ ገባች። ዶርም ነው የምትኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሷን ይዛ ትመጣለች፣ ካፌው ስለሚሰጣቸው ሽሮ ታማርራለች፣ እቤት ያለውን ሽሮ በልታ ትመለሳለች። ሒሳብ ከብዷታል፣ ፊዚክስ ደህና ነው። ችከላ አትወድም፣ እዚህ ግን ያለ ችከላ የሚታለፍ ኮርስ እንዳለ አግኝታዋለች፣ እንግሊዝኛ።

ልጃችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ወላጆች፣ ፖርታሉ ላይ ከመግባታችሁ በፊት ልጁ በገዛ እጁ ሦስት ትምህርት በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይጻፍ። እናንተ አትጻፉለት። ከዚያ ግቢዎቹን በዚያ ልክ እንደረድራለን። ኢሜይልና ፓስወርዱንም ይዞ ይምጣ፣ ባለፈው ዓመት በአባቱ ስልክ የተከፈተ ኢሜይል ለመክፈት አሶሳ ላሉት አባትየው እስኪደወልላቸው ድረስ ሰልፉ በሩ ድረስ ቆሞ ነበር።